የዓሣ አጥንት

የእናቴ አርባ በወጣ ማግስት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት ጓዳ ውስጥ ቆሜ ሁለት ዓሣዎችን እመለከት ነበር። እነሱም እኔን ይመለከቱኝ ነበር። ዓሣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ሞቶም ዓይኑን አይከድንም፤ ሰው ምን ያህል ሥራ እንደማይችል ቁጭ ብሎ የሚታዘብ ይመስላል።

በዚያ ጓዳ ውስጥ ከዚያ ቀን በፊት ውሃ ለመጠጣት ካልሆነ በቀር ገብቼ አላውቅም። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ለብቻዬ ስኖር እንቁላል እጠብሳለሁ፤ ፓስታ እቀቅላለሁ። በእናቴ ቤት ግን ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ድስት ሲከፍት መታየቱ፣ ነውር እንኳ ባይባል፣ መሳቂያ ነበር። «ምን ጎደለብህና ነው?» ትልና ትከሻዬን ይዛ ታስወጣኝ ነበር።

ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የዕድሩ ሳህንና ወንበር ተቆጥሮ ከተመለሰ በኋላ በቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። ምግብ ሞልቷል። ለተዝካሩ የተሠራው የምስርና የክክ ወጥ በትልልቅ ድስት ተርፏል። አባቴ ግን ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ እጃቸውን ሰብስበው «በቃኝ፤ ጠግቤያለሁ» ይላሉ። አርባውን ቀን ሙሉ እንዲሁ ነበሩ። አንገታቸው ቀጥኖ የሸሚዛቸው ኮሌታ ሰፍቷቸዋል። አክስቴ ወደ ይርጋለም ስትመለስ በር ላይ ቆም ብላ፣ «አባትህ በዚህ ጾም ከዓሣ ሌላ የሚወዱት ነገር የላቸውም። ዓሣ ሥራላቸው» አለችኝ። «እኔ?» ብዬ ልጠይቃት ስል ሄዳለች።

በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር የስንቱን ቤት ማዕድ እንዳሞቀ አንባቢ ያውቀዋል፤ እዚህ ፍርድ ልስጥ አልልም። በእኛ ቤት ክርክሩ በሰላም ይኖር ነበር። አባቴ በጾመ ነቢያት ዓሣ ይበላሉ፤ እናቴ አትበላም። አትብላ እንጂ ትሠራለች። ሳትቀምስ፣ በመዓዛው ብቻ፣ የጎደለውን ታውቃለች። ሠርታ ስትጨርስ እጇን በሎሚ ልጣጭ አሽታ ትታጠብና ከአባቴ ጎን ተጠግታ፣ ትከሻ ለትከሻ ተነካክታ ትቀመጣለች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለበዓል ስመጣ ይህን አቀማመጧን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሽማግሌና አሮጊት ሲፋቀሩ ደስ ይላሉ ብዬ ከማለፍ በቀር ለምን እንደምትጠጋ አስቤ አላውቅም።

ሲነጋጋ ወደ አሞራ ገደል ወርጄ ነበር። የሐዋሳ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ዘርግተው ጎሕ ሲቀድ ያነሱታል፤ ፀሐይ ሳትበረታ ጀልባዎቹ ዳር ይደርሳሉ። አባ ኮዳዎቹ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጠቆር ያለ ካባቸውን ደርበው፣ ለቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች መስለው ዳር ዳሩን ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ከለቅሶ ቤት ለመጣ ሰው እንደ ሌላው ጊዜ የሚያስቁ አልነበሩም። አምባዛውም ቢልጫውም ነበር፤ እኔ የፈለግሁት ግን ቆሮሶ ነው። ሥጋው ነጭ፣ ጣዕሙ ለስላሳ፣ ሐይቁም አብዝቶ የሚሰጠው እሱን ነው።

ዓሣ የሚገነጥሉት ልጆች የቢላ ፍጥነታቸው ያስደንቃል። አንዱ «ልገንጥልልህ?» አለኝ፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ ሊሰጠኝ ነው። አልፈለግሁም። አዲስ አበባ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሙሉ ዓሣ ከነራሱ ከነጭራው በምድጃ ተጠብሶ ሲቀርብ አይቼ ነበርና ያንኑ መድገም አማረኝ። «ቅርፊቱንና ሆድ ዕቃውን ብቻ አውጣልኝ» አልኩት። «እንደ ፍጥርጥርህ፤ አጥንቱ ብዙ ነው» አለ ልጁ። ያን ጊዜ እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩት ነበር።

ዓሣውን በፌስታል አንጠልጥዬ ስመለስ አባቴ ያስተማሩኝ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እኔንም አንድ ዓመት አስተምረውኛል። «የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዘመን ብዛት ጨው ይሆናል። ይህ ግን ጨው አልሆነም። ለምን?» ብለው ይጠይቁንና ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ነበር። ከዚያ ውሃው እኛ በማናየው መንገድ ከመሬት ውስጥ እንደሚሰርግ ያስረዱናል። እቤት ውስጥም ያው መምህር ነበሩ። እናቴን «አንቺ»፣ እሳቸውን «አንቱ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ርቀት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቤት ስደርስ የመጀመሪያው ሥራዬ ኦቭኑን ባዶ ማድረግ ሆነ። እናቴ የክዳን ማስቀመጫ አድርጋው ኖራለች። አሥራ አንድ ክዳን አወጣሁ፤ ድስታቸው ከቤታችን ከጠፋ ሃያ ዓመት የሆናቸውም ነበሩበት። ለምን እንዳልጣለቻቸው እሷው ታውቃለች።

ዓሣዎቹን በጨውና በሎሚ አሽቼ አጠብኳቸው። ከጉንጫቸው ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁ፤ ይህ ከቀረ ያመራል። ግራና ቀኝ ጎናቸውን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ሸረከትኳቸው። ጨው የአባቴ የደም ግፊት በሚፈቅደው ልክ፣ ማለትም እኔ ከምወደው በእጅጉ አሳንሼ ነሰነስኩ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጬ በዘይት ለወስኩና በሽርክቱ ውስጥ ጠቀጠቅሁት፤ ሆዳቸው ውስጥ የጥብስ ቅጠልና የሎሚ ቁራጭ ከተትኩ። ኦቭኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጌ እስኪግል ጎመን ልቀነጥስ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

የእናቴ ጎመን አርባ ቀን ያለ እሷ ቆሞ አልጠወለገም። ጎረቤት ሲያጠጣው ኖሮ መሆን አለበት። ጎመን ከሥር ከሥሩ ሲቀነጠስ ከላይ ከላዩ እየሰጠ አንዱ እግር ለወራት ቤት ይቀልባል። ይህን አውቃለሁ፤ ማለቴ አሁን አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ሻካራ፣ የላይኞቹ ለጋ ሆነው ስለታዩኝ የአምስት እግር ጎመን አናት ቆርጬ፣ በሥራዬ ረክቼ ገባሁ። አጥቤ፣ ወፍራሙን አገዳ አውጥቼ፣ ቅጠሎቹን ደራርቤና ጠቅልዬ በቀጭኑ ከተፍኩ። በፈላ ውሃ ቀቀል አድርጌ አጠነፈፍኩት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልቼ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፤ ጎመኑን ከትቼ ጥቂት ካማሰልኩ በኋላ ቃሪያ ሰነጣጥቄ ጣል አደረግሁበትና ከእሳቱ አወጣሁት።

ይህ ሁሉ ሲነገር ቀላል ነው። ስሠራው የተረዳሁት ግን ወጥ ይቅር ባይ መሆኑን ነው። ሽንኩርቱ ቢያር በርበሬው ይሸፍነዋል፤ ቢቀጥን ትንሽ ይቆይና ይወፍራል፤ ቢያመልጥህ እንጀራው ይሸከምልሃል። የዓሣ ጥብስ መሸሸጊያ የለውም። ሥጋውን የሚያያይዘው ጅማት ከበሬ ሥጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂትና ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፤ ቶሎ በመብሰሉም ቶሎ ይደርቃል። በጥሬውና በደረቀው መካከል ያሉት ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ወንበር ስቤ ከኦቭኑ ፊት ተቀመጥኩ፤ ከፍቼ እያየሁ፣ መልሼ እየዘጋሁ። እንዲህ እየከፈትኩ ሙቀቱን ማባከኔ ደግሞ ሌላው ስሕተቴ ነው።

አባቴ ሳሎን ውስጥ ዳዊታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየደገሙ ነበር። «አባባ፣ እራት ሊደርስ ነው» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፣ ፊታቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ የቢላዋን ጫፍ ከጀርባ አጥንቱ አጠገብ ሰክቼ አየሁ፤ መስተዋት የመሰለው ሥጋ ነጥቷል። ቆዳው ጫፍ ጫፉ ላይ ጠቆር ብሎ ቤቱን መዓዛ ሞላው። ዓሣዎቹን በየሳህኑ አድርጌ፣ ጎመኑን በእንጀራው ላይ አውጥቼ፣ ሎሚ ሰንጥቄ አቀረብኩ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው። ማዕዱን ባረኩ። መብላት ጀመርን።

አባቴ ጎመኑን በሉ። ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ጉርሻ በላይ ሲበሉ አየሁ፤ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። «ጎመን በጤና» አሉ ፈገግ ብለው። ዓሣውን ግን አልነኩትም። እንጀራውን በዙሪያው እየቆረሱ፣ ሳህኑን እንደ ደሴት ትተውት ዞሩ። ተከፋሁ። ከንጋት ጀምሬ የለፋሁበትን፣ ስለ እሳቸው ብዬ ጓዳ የገባሁበትን እንዴት አንድ ጊዜ አይቀምሱም?

«ዓሣው አልጣመዎትም?»

«ኧረ መዓዛው እንዴት ያለ ነው! ባለሙያ ነህ።»

«ታዲያ ይብሉ እንጂ።»

እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። ጣታቸው ከዓሣው ራስ ተነሥቶ በጎኑ ላይ ቀስ እያለ እስከ ጭራው ሄደ። ከዚያ መለሱት።

«ሙሉውን ነው እንዴ?» አሉ።

ዓሣው ከፊታቸው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። አምፖሉ ከራሳችን በላይ በርቷል።

«አዎ፣ ሙሉውን ነው።»

«እናትህ አጥንቱን ታወጣልኝ ነበር» አሉ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው፤ አልዋሽም። እሷ የማትበላውን ምግብ ሠርታ፣ አጥንቱን እንኳ ለቅማ ታበላቸው ኖሯል? ይህም ሳይበቃ አሁን ከእኔ ይጠበቃል? ቀልድ አስመስዬ ነገር ወረወርኩ። «ምነው አባባ፣ አይታይዎትም እንዴ?»

አልመለሱልኝም። ያን የክፍል ውስጥ ዝምታቸውን ዝም አሉ። የዚህን ጥያቄ መልስ ግን አውቀው አልነበረም እና ጠበቅሁ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጣታቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

«አይታየኝም» አሉ በመጨረሻ። «ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙ ጉም ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ይሆናል። እናንተን ለምን አስጨንቃለሁ ብዬ ነው።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«ከእሷ በቀር ማን ያውቃል።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እጄ እንጀራ ላይ እንዳለ ቀረ። ያየሁት ነገር ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሌላ ትርጉም ያዘ። ስልክ ስደውል ሁልጊዜ የምታነሣው እሷ ናት። ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንድ እርምጃ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት፤ «ድንጋይ አለ» አትልም፣ «መንገዱ ተበላሽቷል አይደል?» ነበር የምትለው። ዳዊቱንም የሚደግሙት በቃላቸው ነው፤ ገጽ ሲገልጡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አለማየቴን ግን አላስተዋልኩም። ጎን ለጎን ተጠግታ መቀመጧ ለምን እንደሆነ ያን ማታ ገባኝ። እጇ የት እንደነበረም ገባኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የመጽሐፉ ነገር ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ሦስት አዳዲስ ልብ ወለድ እልክላቸው ነበር። እንደ መምህርነታቸው ሂሳቸው ጥብቅ ነው፤ «ይኼኛው ገጸ ባሕርይ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ደራሲው ነው» ይሉኛል፤ «መጨረሻው ተቻኩሏል» ይሉኛል። በኩራት ለጓደኞቼ አወራው ነበር። እነዚያን መጻሕፍት ያነበበችላቸው እናቴ ናት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት፤ አስተማሪዋ ማን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። ማታ ማታ፣ በር ተዘግቶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መጨረሻው ተቻኩሏል» ያሉት እሳቸው ይሁኑ እሷ ልጠይቅ ከአፌ ደርሶ ተመለሰ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ከጭራው ጀምር» አሉኝ። «እሷ ከጭራው ነበር።»

ከጭራው ጀመርኩ። የላይኛውን ሥጋ በመካከሉ መስመር ከፍዬ፣ ግማሹን ወደ ጀርባ ግማሹን ወደ ሆድ ገለበጥኩት። ጭራውን ይዤ ቀስ ብዬ ቀና ሳደርገው የጀርባ አጥንቱ ጎድኖቹን አስከትሎ እንደ ማበጠሪያ ተነሣ። ጨረስኩ ብዬ ነበር። «ገና ነው» አሉ። ደቃቆቹ በክንፉ ሥርና በሆዱ ጠርዝ ይቀራሉ፤ እነሱን ዓይን አያገኛቸውም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሥጋውን እያፍተለተሉ ነው የሚገኙት። ስድስት አገኘሁ። ሰባተኛውን አላገኘሁትም፤ ያቀበልኳቸውን ጎርሰው ጥቂት ካኘኩ በኋላ ከከንፈራቸው መካከል አውጥተው፣ ምንም ሳይሉ፣ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

ጭራው አካባቢ ደርቆ ነበር፤ ይህን ማመን አለብኝ። ጨውም አንሶታል። የራሳቸውን ዓሣ ጨርሰው ከእኔም ግማሹን በሉ። እጄን በሎሚ ልጣጭ አሽቼ ታጠብኩ፤ ሽታው ግን እስከ ማግሥቱ አለቀቀኝም።

በጥር ወር አዲስ አበባ ወስጄ ለዓይን ሐኪም አሳየኋቸው። የግራውን ያጠፋው ግላኮማ ነው፤ ነርቩን ስለጎዳው አይመለስም። የቀኙ ሞራ ነው፤ ሞራ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ካሉት ዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ እንደሆነ ተመዝግቧል፤ ማለትም ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ናቸው። «ለምን እስካሁን ቆያችሁ?» አሉ ሐኪሟ። አባቴ ወደ መሬት ተመለከቱ፤ እኔም እንዲሁ። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመተካት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ ፊቴን ትክ ብለው አዩና፣ «ሸብተሃል እኮ» አሉኝ።

ሐዋሳ የተመለስነው ከሳምንት በኋላ ነው። ዕቃ ሳወርድ እሳቸው ቀድመው ወደ ጓሮ አለፉ። የእናቴን መደብ ዳር ዳሩን በዝግታ ዞሩት። ጥላዬ መደቡ ላይ ሲያርፍ አይተው ቆሙ።

«ይህን ጎመን አናቱን የቆረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ዓሣውን የሠራህ ዕለት?»

«አዎ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሩ።

«አምስት እግር» አሉ።